የሹም ንስሐ በምን ይታወቃል?



የማሽላው ዛላ ጎንበስ ብሎ፣ ልጆች በማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ በሚጠብቁበት ወራት፣ በቆቦ ከተማ ከአንድ ክርስቲያን ቤት ለቡና ተጋብዘን ነበር። ከአቦሉ ወደ ቶናው ስንሻገር፣ በቴሌቪዥኑ አንድ ባለ ሥልጣን ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት መናገር ጀመረ። ንግግሩ ያማረ ነበር። የቤቱ እመቤት ጀበናውን እንደ ያዙ ቀና ብለው ተመለከቱትና፣ «ይኸ ሰው አይደለም እንዴ ከጥቂት ዓመት በፊት እነ እገሌ ከእነ እገሌ ጋር አብረው አይኖሩም ሲለን የነበረው? ልቡ ተመልሶ ነው ወይስ ጊዜው ተመልሶበት?» ሲሉ ጠየቁ። ሽማግሌው ባለቤታቸው፣ «የሰውን ልብ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ይልቅ ቡናሽን ቅጂ» አሏቸው። እመቤቲቱም ሲኒውን እየሞሉ፣ «ልቡን ልይ አላልኩም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ነገ ይኸው ሰው ተነሡ ቢላቸው፣ የትኛውን ቃሉን መስማት እንዳለባቸው ማወቅ አለብኝ» ብለው መለሱ።

የሽማግሌው መልስ እውነት ነው፤ የእመቤቲቱም ጥያቄ እውነት ነው። በራያ ቆላ ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የሚነሣ አይደለም። ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት አልፎ ቆቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም በዋጃ በኩል ወደ አላማጣ የሚዘልቀው መንገድ በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. የጦር መንገድ ሆኖ ነበር። በዚያ መንገድ ዳር የወደቀው ሰው በጥይት ከመመታቱ በፊት በአፍ ተለይቶ ነበር፤ ስም ወጥቶለት፣ ጎረቤት እንዳልሆነ ተነግሮለት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የተናገሩ ሰዎች በየወገኑ ነበሩ፤ ይህ ዓምድም የማንም ጠበቃ ወይም ከሳሽ ሊሆን አይሻም። ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ ሰውን ከሰው መለየት ሲያስተምር የኖረ ሹም በእውነት ይመለሳልን? ከተመለሰስ፣ ልብን ለማየት ሥልጣን የሌለን እኛ በምን እናውቀዋለን?

ነቢዩ ኤርምያስ ክፋትን የለመደ ሰው በጎ ለማድረግ ምን ያህል እንደሚቸግረው ለማስረዳት ምሳሌ ያደረገው የእኛን የኢትዮጵያውያንን መልክና የነብርን ዝንጕርጕርነት ነው። መልክ ኀጢአት ስላልሆነ መለወጥ አያስፈልገውም፤ የነቢዩ ነገር ግን ልማድ ሥር ከሰደደ እንደ ቆዳ ከሰው ጋር እንደሚጣበቅ ያስተምረናል። ይህን ብቻ የሚያነብ ሰው «እንግዲያው የሹም ንስሐ የለም» ሊል ይችላል። ዳሩ ግን ያው ቅዱስ መጽሐፍ የነነዌን ንጉሥ ያሳየናል፤ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው እርሱንና ሕዝቡን አስበን ነው። ያ ንጉሥ ከዙፋኑ ወረደ፤ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ ማቅ ለበሰ፤ በዐመድ ላይ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ በዐዋጅ ነገረ። እግዚአብሔርም ሥራቸውን ተመልክቶ ማራቸው። ስለዚህ የሹም ንስሐ አለ፤ ነገር ግን ከዙፋን መውረድና ዐመድ ያለበት ንስሐ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ንስሐ ስታስተምር መጸጸትን፣ መናዘዝንና ቀኖናን መፈጸምን አያይዛ ታስተምራለች። መጸጸት በልብ ውስጥ ስለ ሆነ ጎረቤት አያየውም። መናዘዝ ግን በአፍ ነው፤ ቀኖናም በእጅና በእግር ይፈጸማል። እርግጥ የአንድ ምእመን ኑዛዜ በእርሱና በንስሐ አባቱ መካከል የሚቀር ምሥጢር ነው። በአደባባይ ሕዝብን የበደለ ሹም ግን ለተበደለው ሕዝብ የሚሰጠው ቃል በጓዳ ሊቀር አይገባውም።

የራያ ሰውም ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በዚህ አገር ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ፣ ገዳይ «ጸጸተኝ» ስላለ ብቻ ዕርቅ አይወርድም። ቄሱም ሼኹም ያሉበት ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌው የሟችን ወገን ደጅ ይጠናል፤ ተደጋግሞ ይለመናል። በደሉ በስሙ ይጠራል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ሁለተኛ እንዳይደገም መሐላ ይፈጸማል። ተራ ገበሬ ለአንድ ነፍስ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ከሆነ፣ የብዙ ሰው ነፍስ በቃሉ የጠፋበት ሹም ከዚህ ባነሰ ሊታረቅ አይገባውም።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን አንዳንድ ሹማምንትን እንመዝን፤ ሚዛኑንም ከራሳችን አገር እንጀምር።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በማይጨው ጦርነት ከተደረገ በኋላ፣ ወደ ኋላ የተመለሰው የኢትዮጵያ ጦር በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ሲያልፍ ከአይሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። በዚያ ወራት ኢጣልያኖች ከራያና ከአዘቦ ሰዎች መካከል በመንግሥቱ ቅሬታ የነበራቸውን በብርና በጠመንጃ አባብለው በሚመለሰው ጦር ላይ አስነሥተው ነበር። ብሩን የተቀበለው ሰው ወዳጅ ያገኘ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ. ም.፣ ብሩን የሰጠው መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ፤ ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። እስራቱ ለኢጣልያዊው ቢሆንም ስድቡ ለኢትዮጵያዊቱ ነበር። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ. ም. በወጣው ሕግ ደግሞ ኢጣልያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። በአዲስ አበባም ነጩና ጥቁሩ ተለያይቶ እንዲኖር ከተማው ተከፈለ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ተነሥቶ ለአገሬው ሰው ወደ ተመደበው ወደ ምዕራብ ሠፈር ተዛወረ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። በማይጨው የተዋጋውም፣ ብር የተቀበለውም፣ በዚህ ሕግ ፊት አንድ ነበሩ። ሰውን በመለየት የሚገዛ ሹም ዛሬ የሚያቅፈውን ሰው ነገ ከሚለያቸው መካከል እንደሚጨምረው ከዚህ እንማራለን።

ይህን ሥርዓት የመሩት ሰዎች ተመለሱን? ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ እልቂት የወረደበት የግራዚያኒ ነገር የታወቀ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የኢጣልያ የጦር ፍርድ ቤት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ፈረደበት፤ ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። በኢትዮጵያ ላደረገው ግን ለፍርድ አልቀረበም። በ1953 የፋሽስቶች ወራሽ የሆነው ፓርቲ የክብር ፕሬዚዳንት አደረገው፤ በ1955 ሞተ። በ2012ም አፊሌ በተባለች ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። እዚህ ላይ የምንመዝነው ንስሐ የለም።

በእኛ በኩል ግን ይቅርታው አልዘገየም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ብዙ ኢጣልያኖችም በሰላም በአገራችን ቀርተው ሠርተው ኖሩ። የኢጣልያ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ያመነው ግን በ1988 ዓ. ም. ነው። ይቅርታው ከኑዛዜው 55 ዓመት ቀደመ ማለት ነው። የአክሱም ሐውልትም በ1939 ዓ. ም. በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ሊመለስ የሚገባው ሲሆን፣ የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ. ም. ነው። ቢዘገይም መመለሱ መልካም ነው። ነገር ግን ካሣ የሌለው የወዳጅነት ቃል ስንት ዓመት ሊነገር እንደሚችል አሳይቶናል።

ከዚያው ከኢጣልያ አንድ የተለየ ሰው እንጥቀስ፤ ከእንግዲህ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጃንፍራንኮ ፊኒ ግራዚያኒን ባከበረው ፓርቲ ውስጥ ያደገ መሪ ሲሆን፣ በ1994 ሙሶሊኒን የዘመኑ ታላቅ መሪ ብሎ አሞግሶት ነበር። በ2003 ግን ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ በአይሁድ ሰማዕታት መታሰቢያ ፊት ቆመና በ1938 በኢጣልያ የወጣውን የዘር ሕግ በግልጽ አወገዘ። የሙሶሊኒ የልጅ ልጅ በዚህ ምክንያት ከፓርቲው ወጣች፤ ብዙ የቀድሞ ወዳጆቹም ተቈጡት። በሌላ በኩል ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ታዲያ ቃሉ ከልብ ነበርን ወይስ ለሹመት? ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ጎረቤት ሊያይ የሚችለው ሰውየው የከፈለው ነገር እንደ ነበረ፣ ያገኘውም ነገር እንደ ነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአሜሪካ የአላባማ ገዥ የነበረው የጆርጅ ዋላስ ታሪክ ነው። ዋላስ በ1958 ለገዥነት ሲወዳደር በጥቁሮች ላይ ጥላቻን የሚሰብክ ሰው አልነበረም፤ ተቀናቃኙ ግን የነጮች የበላይነት ሰባኪዎች ድጋፍ ነበረው። ዋላስ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በዘር ጥላቻ ሁለተኛ ማንም እንደማይበልጠው እንደ ማለ ይነገርለታል። በ1962 ጥላቻን ይዞ ተወዳደረና አሸነፈ። በጥር 1963 ሥልጣኑን ሲረከብ የነጭና የጥቁር መለያየት ለዘላለም እንዲኖር ተናገረ፤ በሰኔ ወር በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ ከለከለ። በመስከረም ወር በዚያው ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ አራት ሴቶች ልጆች ሞቱ። ቦምቡን ዋላስ አላስቀመጠውም። ነገር ግን በአገሩ ላይ ማን ምን እየተናገረ እንደ ነበረ ቦምቡን ያስቀመጡት ሰዎች ሰምተው ነበር።

በግንቦት 1972 ዋላስ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በሆስፒታል ከጠየቁት ሰዎች አንዷ ሸርሊ ቺዝሆም የተባለችው ጥቁር የምክር ቤት አባልና ተወዳዳሪው ነበረች። በ1979 ማርቲን ሉተር ኪንግ ካህን ሆኖ ባገለገለበት በሞንትጎመሪ ቤተ ክርስቲያን ሳይጠራ ተገኝቶ ስላደረሰው ሕመም ይቅርታ ጠየቀ። በ1982 እንደ ገና ገዥነትን ሲወዳደር የብዙ ጥቁሮች ድምፅ አገኘ፤ አሸንፎም ጥቁሮችን በሥልጣን ላይ አስቀመጠ። ተጠራጣሪው ሰው «የጥቁሮች ድምፅ አስፈልጎት ነው» ይላል፤ እስከዚህ ድረስም ክርክሩ ሊረታ አይችልም። ነገር ግን በ1995 ከሥልጣን ወጥቶ፣ ሰውነቱ ደክሞ፣ ጆሮው መስማት ተስኖት ሳለ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ፖሊሶቹ የደበደቧቸውን ሰልፈኞች በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ተቀበላቸው። ያን ቀን የሚፈልገው ድምፅ አልነበረም። በ1998 ሞተ። እኛ የዋላስን ልብ አናውቅም፤ ነገር ግን በመጨረሻው ያደረገው ነገር የሚጠቅመው ምንም ነገር በሌለበት ጊዜ የተደረገ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ ሊታመን የሚገባው ነው እንላለን።

በዚያው አገር የነበረው ስትሮም ተርመንድ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1957 የጥቁሮችን መብት የሚያስከብር ሕግ እንዳይጸድቅ በምክር ቤት ቆሞ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ሲለወጥ እርሱም ጥቁር ሠራተኛ ቀጠረ፤ በ1983 ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚታሰብበት በዓል እንዲከበር ድምፁን ሰጠ። ተሳስቼ ነበር ብሎ ግን በግልጽ ሳይናገር በ2003 በ100 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንዲት አሮጊት ወጥታ ልጁ መሆንዋን ተናገረች፤ እናትዋ በወላጆቹ ቤት የምታገለግል የ16 ዓመት ጥቁር ልጃገረድ ነበረች። በስውር ገንዘብ ይሰጣት ነበር፤ በሕዝብ ፊት ግን ልጄ አላላትም። በአገራችን ኢጣልያኖች በሕግ የከለከሉትን ነገር፣ እርሱ ሕግ ሳያስገድደው ራሱን ከለከለ። ሥራው ተለውጦ አፉ ዝም ያለ ሰው ንስሐው ግማሽ ነው፤ ያን ግማሽ ስትጠብቅ የኖረችው ደግሞ የገዛ ልጁ ነበረች።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ። አገራችን ለዚያ ሕዝብ ባዕድ አይደለችም፤ በ1960 ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በዓለም ፍርድ ቤት ከስሳለች፤ በ1962ም ኔልሰን ማንዴላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ወታደራዊ ትምህርት ተቀብሏል። በዚያ አገር ከ1986 ጀምሮ የሕግና የጸጥታ ሚኒስትር የነበረው አድሪያን ፍሎክ ይባላል። በእርሱ ዘመን የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ቢሮ የነበረበት ሕንፃ በቦምብ ፈረሰ። የምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ፍራንክ ቺካኔ በ1989 ልብሳቸው በመርዝ ተነክሮ ለሞት ተቃርበው ተረፉ።

መለያየት የሚባለው ሥርዓት በ1994 ካለፈ በኋላ ፍሎክ በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ የሕንፃውን ነገር አመነ። በ2006 ደግሞ አንድ ቀን ወደ ቺካኔ ቢሮ ሄደ። ቺካኔ በዚያን ጊዜ በፕሪቶሪያ በመንግሥቱ ዋና ሕንፃ ውስጥ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ከፍተኛ ሹም ነበሩ። የቀድሞው ሚኒስትር ከቦርሳው ጎድጓዳ ሳሕን አወጣ፤ ውኃ ጨመረበት፤ ተንበርክኮም ሊገድሏቸው የሞከሩትን ሰው እግር አጠበ። በዚያው ዓመት በፖሊሶች የተገደሉ ወጣቶችን እናቶችና ሚስቶች እግር እንዲሁ አጠበ። በ2007 በቺካኔ ላይ ስለ ተደረገው የግድያ ሙከራ በፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ 10 ዓመት ተፈርዶበት ቅጣቱ በገደብ ሆነ። ከዚያ በኋላም በድኾች ሠፈር ምግብ ሲያድል ኖሮ በጥር 2023 በ85 ዓመቱ ሞተ።

ሁሉም ሰው አላመነውም። «እግር ማጠብ መልካም ነው፤ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሯልን?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። የሞተባቸው ሰዎች ውኃ ሳይሆን ልጃቸው የት እንደ ተቀበረ ማወቅ ይፈልጉ ነበርና። የሆነ ሆኖ እኛ በጸሎተ ኀሙስ ካህኑ ጎንበስ ብሎ የምእመናንን እግር ሲያጥብ ስናይ ያደግን ሰዎች፣ ይህን ነገር ስንሰማ ሌላ መታጠብንም እናስባለን። ጲላጦስም ውኃ አስመጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የታጠበው የራሱን እጅ ነው። በዘመናችን ብዙ ሹማምንት የሚያደርጉት የይቅርታ ንግግር የጲላጦስን ውኃ ይመስላል፤ ተናጋሪውን ያነጻል እንጂ የተበደለውን አይነካውም።

የዚያው መንግሥት የመጨረሻ መሪ የነበረው ፍሬደሪክ ደ ክለርክ በ1990 ማንዴላን ፈትቶ፣ ሥልጣኑን በድርድር ያስረከበ ሰው ነው፤ ለዚህም በ1993 የኖቤል ሽልማት ከማንዴላ ጋር ተቀብሏል። ከዙፋን ወርዷልና ትልቁን ዋጋ ከፍሏል ሊባል ይችላል። ዳሩ ግን በ2020 እንኳ ያ ሥርዓት በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል መሆኑን ለመቀበል አቅማምቶ፣ ሕዝቡ ሲቈጣ ቃሉን መለሰ። በኅዳር 2021 በሞተበት ቀን አስቀድሞ የተቀረጸ የይቅርታ መልእክቱ ለሕዝብ ቀረበ። አንዱ ሹም ቃሉ ቀድሞ ሥራው ይዘገያል፤ ሌላው ሥራው ቀድሞ ቃሉ እስከ መቃብር ይዘገያል። እንግዲህ መመለስ አንድ ቀን የሚፈጸም ነገር ሳይሆን ረጅም መንገድ ነው።

የአገራችንም የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. የተፈረመው ፍሎክ ተንበርክኮ እግር ባጠበባት በዚያችው በፕሪቶሪያ ከተማ ነው። ፊርማው ጦርነቱን አቆመ፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ፊርማ የመንግሥት ነገር ነው። በቆቦና በአላማጣ፣ በዋጃና በኮረም ያለው ሰው የሚጠብቀው ሌላው ነገር፣ ይኸውም በደሉን በስሙ ጠርቶ ወደ ተበደለው ሰው ደጅ የሚመጣ ሹም፣ በብዛት ገና አልታየም።

ስለዚህ ለእመቤቲቱ ጥያቄ ይህን እንመልሳለን። አንድ ሹም ተመልሻለሁ ሲል ሦስት ነገር ይጠየቅ። መጀመሪያ፣ በደሉን በስሙ ጠርቶታልን? «ስሕተት ተፈጽሟል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ በዚህ ቀን በእነዚህ ሰዎች ላይ ይህን ተናገርሁ፣ ይህን አደረግሁ» ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ምን ከፈለ? ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ለበደላቸው ሰዎች አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ካሣ የሌለው ንስሐ የራያ ሽማግሌም አይቀበለውም። ሦስተኛ፣ ሹመትም ድምፅም በማያገኝበት ጊዜ፣ የራሱ ወገን በሚቈጣበት ስፍራ፣ ያንኑ ቃል ደግሞታልን? ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ልቡ ምንም ቢሆን፣ ጎረቤት ሊጠይቀው የሚገባውን ፈጽሟል፤ የቀረውን ለፈጣሪው እንተውለት።

አንዳንድ ሰው «ክርስቲያን ይቅር ማለት አለበት እንጂ መጠየቅ የለበትም» ይል ይሆናል። ይቅር ማለት ይገባናል፤ ዮናስ ነነዌ በመዳንዋ እንዳዘነው ልናዝን አይገባንም። ነገር ግን ይቅርታና አደራ ይለያያሉ። ሳውል አሳዳጅነቱን ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተውት ነበር፤ በርናባስ ይዞት ገብቶ ያየውንና የሰማውን እስኪመሰክርለት ድረስ አልተቀበሉትም። ስለ ፍርሃታቸው አልተነቀፉም። የተመለሰውን ሹም ከልባችን ቂም አውጥተን ልንምረው እንችላለን፤ ልጆቻችንንና አገራችንን እንደ ገና በእጁ ከመስጠታችን በፊት ግን ምስክር መጠየቅ መብታችን ነው።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካ ነው። ዋላስ በ1958 ሳይጠላ ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በ1962 ጥላቻን ይዞ መጥቶ አሸነፈ። ጥላቻን የሸጠ እርሱ ነው፤ የገዛው ግን ሕዝቡ ነው። በቆቦ ገበያ ማንም ማሽላውን ጭኖ የሚወጣው ገዢ እንዳለው ሲያውቅ ነው። ገዢ ያጣ ነጋዴ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዕቃ ይዞ ይመጣል። በየቤታችን ስለ ጎረቤታችን ወገን የምናወጣው ስም፣ ልጅ በሚሰማበት የምንወረውረው ተረብ፣ በሰው ሞት ላይ «እሰይ» ያልንበት ቀን፣ ይህ ሁሉ ለመለያየት ሰባኪ ገበያ ነው። የሹምን ንስሐ የምንጠብቅ ወላጆች የገዛ አፋችንን ንስሐ ብናስቀድም፣ ሹሙ የሚሸጠው ነገር ገዢ ያጣል።

ከዚያ ቤት ስንወጣ በረካው ተጠጥቶ፣ ቴሌቪዥኑም ተዘግቶ ነበር። ትልቁ ልጅ ከማሳ ተመልሶ ወንጭፉን በምሰሶው ላይ ሰቀለና አጠገባቸው ተቀመጠ። እናቱ የቆላውን እንጀራ አቀረቡለትና፣ «ዛሬ ስለ ፍቅር የሚናገር ሰው ነበረ» አሉት። እርሱም «ማንን ይቅርታ ጠየቀ?» አለ። ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ወላጆች ሁሉ ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ እያሳሰብን፣ እግዚአብሔር ለሹማምንቱ ከዙፋን የሚያወርድ ንስሐን፣ ለእኛም ይቅርታንና ማስተዋልን አንድ ላይ እንዲሰጠን እንለምናለን።